የስድስተኛ ፎቅ ንፍሮ

በሩቅ ምሥራቋ ከተማ ሃርቢን ላይ ፀሐይ የምትወጣው ለይስሙላ ነው። በብርዱ ወራት ሰው ምሳውን በልቶ ሳህኑን ሳያጥብ ትጠልቃለች። ስለዚህ ውባለም ከቤተ ሙከራው ወጥታ ወደ ተማሪዎች ማደሪያ ስትሄድ መንገዱ ሁልጊዜ ጨለማ፣ ከጫማዋ ሥር የሚንቋቋው በረዶ ሁልጊዜ ያው፣ አፍንጫዋን የሚቆጠቁጠው የከሰል ጭስ ሁልጊዜ ያው ነበር። የምታጠናው በረዶ የያዘው አፈር እንዴት እንደሚሰነጠቅ ነው። ሞጣ ተወልዳ ያደገች ልጅ አፈር ጭቃ ሲሆንና ሲደርቅ እንጂ በረዶ ሲይዘው የት አይታ! ግን ሰው የውጭ አገር ትምህርት ዕድል ሲያገኝ "የምን ትምህርት ነው?" ብሎ መቼ ይጠይቃል። ይፈርምና ይሄዳል። እሷም ፈርማ ሄደች።

ማደሪያው ለውጭ ተማሪዎች ብቻ የተሠራ ረጅም ሕንፃ ነው። የኮሪደሩ አምፖሎች ድምፅ ሲሰሙ የሚበሩ ናቸው፤ ሰው እግሩን መታ መታ ሲያደርግ ወይም ሲያስል ቦግ ይላሉ፣ ዝም ሲባል ድርግም። መጀመሪያ ሰሞን ትስቅባቸው ነበር። በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ድምጿን ሰምቶ መልስ የሚሰጣት እነሱ ብቻ መሆናቸውን ስታስተውል ሳቋ ጠፋ። ጎረቤቶቿ የማዳጋስካር ልጆች ናቸው፤ ደጎች ናቸው፣ ግን እርስ በርሳቸው ነው የሚያወሩት። መምህሯ የሚያናግራት በስልክ አስተርጓሚ ነው። ወደ ክፍሏ ስትገባ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ትልና የማሞቂያው ቱቦ ውስጥ የሚንጎራጎረውን ውሃ ታዳምጣለች። አታለቅስም። ማልቀስ እንኳ ሰው ይፈልጋል፤ ብቻዋን ሞክራው እንባው እምቢ ብሏት ነበር። ሰውነቷ ሁሉ፣ ብርድ ላይ ጓንት እንደረሳ እጅ፣ ደንዝዞ ነበር።

በዚህ ዓለም ላይ ያላት እናቷ ብቻ ናት። አባቷን አታውቀውም፣ ወንድም እህት የላትም። እናቷ እናኑ ሞጣ ገበያ ዳር ክርና ቁልፍ የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለቻት፤ ደም ግፊትም አለባት። መስመሩ በፈቀደ ቁጥር ውባለም ትደውላለች።

"ውቤ፣ በላሽ?"

"በላሁ እማ።" ውሸቷን ነው።

"የአገር ሰው አላገኘሽም? ቢያምሽ እንኳ ውሃ የሚያቀብልሽ?"

"አገኛለሁ እማ። አገሩ ሰፊ ነው።"

የአገር ሰው ያገኘችው አፍንጫዋን ተከትላ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አሳንሰሩ ተበላሽቶ በደረጃ ስትወጣ፣ ስድስተኛው ፎቅ ላይ የንፍሮ ሽታ ተቀበላት፤ ስንዴና ሽምብራ አብረው ሲቀቀሉ የሚሸተው፣ እንፋሎት የያዘ፣ ትንሽ ጨው ጨው የሚል፣ ከሥሩ ደግሞ በደንብ ሳይደርቅ የታጠፈ ነጠላ የሚመስል ነገር ያለበት ሽታ። ሽታውን ተከተለች። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ አንድ በር ገርበብ ብሏል። እጇን ለማንኳኳት ገና ሳታነሳ፣ ከውስጥ አንዲት ሴት "ግቢ እህቴ፣ ምነው ቆየሽ?" አለቻት።

ሴትዮዋ ስመኝ ትባላለች። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ድምጿ ለስላሳ፣ እጇ ግን ቀዝቃዛ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉም አበሾች ናቸው፤ ግድግዳውን ተደግፈው ፍራሽ ላይ ተደርድረዋል። ወንበሮች ነበሩ፣ ማንም አልተቀመጠባቸውም። ሙዚቃ የለም፣ ቀልድ የለም፣ ስልኩን የሚነካካ የለም። መካከል ላይ የተቀመጡት ጋሽ ልመንህ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ የሚሰበሰበው ማኅበር አባት ናቸው ተባለች፤ ዶክትሬታቸውን መቼ እንደጀመሩ ማንም አያስታውስም፣ ምን እንደሚያጠኑ ስትጠይቃቸውም "ኧረ ተይኝ ልጄ" ብለው አለፉት። ንፍሮ በጎድጓዳ ሳህን ሰጧት። በላች። ከአገሯ ከወጣች ወዲህ ጠግባ ስትበላ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

"ብዪ ልጄ፣ ብዪ" እንደሚል አባት ሁሉ ጋሽ ልመንህ ስትበላ ዓይናቸውን ከእሷ አልነቀሉም። "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" አሉ፤ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ተረቱን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ነው ያደገችው። ምንም አልመሰላትም።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ስድስተኛ ፎቅ ናት። እናቷ ስትሰማ "እሰይ! እሰይ ልጄ! ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው" ብላ በስልኩ እልል አለች። እውነትም መድኃኒት ነበሩ። ጉንፋን ሲጥላት ስመኝ ራሷን ደግፋ አጥሚት አጠጣቻት፤ ጸጉሯን ሹሩባ ሠራቻት። ግን ትንንሽ ነገሮች ነበሩ፣ እንደ ሽሮ ውስጥ ጠጠር፣ ስታኝክ ብቻ የሚሰሙ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ሁልጊዜ አዘቅዝቀው ነው የሚለብሱት፣ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው። የሚበላው ንፍሮ ብቻ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ወጥ ሸቶ አያውቅም። ስትገባ "እንደምን ዋልሽ" የሚላት የለም፤ "እግዜር ያጥናሽ" ነው የሚሏት፣ እሷም እንደ ሰላምታ ቆጥራው "አሜን" ትላለች። ከመካከላቸው ሐዘን ያልደረሰበት አልነበረም። አንዱ አባቱን፣ አንዷ እህቷን፣ ስመኝ ደግሞ ልጇን፤ ሁሉም መርዶውን የሰሙት እዚሁ ሕንፃ ውስጥ፣ ሁሉም ከማኅበሩ አፍ።

"አንቺስ ማን አለሽ?" አለቻት ስመኝ አንድ ቀን፣ ጸጉሯን እየፈታች።

"እናቴ።"

"ሌላስ?"

"እሷው ናት።"

የሚታኘከው ንፍሮ ድምፅ በክፍሉ ሁሉ ቀጥ አለ። "አይ እህቴን! አንድ ብቻ" አለች ስመኝ፣ የውባለምንም ትከሻ ቀስ አድርጋ መታ መታ አደረገች፣ ሐዘን ለደረሰበት ሰው እንደሚደረገው።

አዲሱ ሴሚስተር ሲጀምር ደጀኔ መጣ። የአሰላ ልጅ ነው፤ ባቡር ሐዲድ ያጠናል፣ ሳቁ ከአፉ አይጠፋም። ውባለምን ባየ ቁጥር "ውቤ በረሃ!" ይላታል። "እዚህ ውቤ በረዶ ነኝ" ስትለው ኮሪደሩ በሁለቱ ሳቅ ይበራል። አባቱ ጋ ሲደውል ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማለት ነው፤ ሽማግሌውም ከዚያ ማዶ ስለ ላሟ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ ጠብ ያወራሉ። ያን ጊዜ ስድስተኛ ፎቅ ያሉት ሁሉ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ውባለም ደስ ብሏቸው ይመስላት ነበር። ናፍቆት የሌለበት ሰው ያለ አይመስላትም።

አንድ ሰኞ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ስመኝ በሯን አንኳኳች። "ተነሺ። የደጀኔ አባት አርፈዋል። ልንነግረው ነው።"

ውባለም ተነሳች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ተከተለች። ማን ነገራችሁ፣ መቼ ተደወለ፣ በምን ሞቱ አላለችም። እኛ ሰዎች የጎመን ዋጋ እንኳ ተከራክረን ነው የምናምነው፤ መርዶ ይዞ የመጣን ሰው ግን ከየት አመጣኸው አንልም። ነውር ነው። "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" ብላ ለደጀኔ ብቻ አዘነች፤ ሰው ሁሉ አውቆት እሱ ተኝቷል።

በኮሪደሩ ሲሄዱ ነው ያስተዋለችው። ብዙ ናቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምታያቸውም የበዙ፤ እግሮቻቸው ምንጣፍ የሌለው ወለል ላይ ሲጎተቱ፣ ነጠላዎቻቸው ሲንሿሹ፣ አንዱ አዛውንት ጉሮሮውን ሲጠርግ ጥርት ብሎ ይሰማታል፤ ነገር ግን አንድ አምፖል እንኳ አልበራም። ደረጃው ጋ ያለው መስኮት ክፍት ነበርና ብርዱ እንደ ምላጭ ይገባል። አሳላት። አምፖሉ ቦግ አለ። ከአፏ እንፋሎት ሲትጎለጎል አየች፤ ከእነሱ አፍ ምንም አይወጣም። ሁሉም ዞረው አዩዋት፣ በትዕግሥት፣ እስክትጨርስ። መብራቱ ሲጠፋ መንገዳቸውን ቀጠሉ፣ እሷም ቀጠለች። ሰው ሲሄድ አብሮ መሄድ ነው።

ደጀኔ በእንቅልፍ ዓይኑ ከፈተ። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ነጠላዎቹን አየ። ጋሽ ልመንህ ሁለት ቃል ተናገሩ፣ እሱም ጮኸ፤ የእሱ ጩኸት ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር አበራው። ይዘውት ገቡ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተደረደሩ፣ ሴቶቹ ሙሾ አወጡ። ውባለምም አለቀሰች፤ ያ ሁሉ ወር እምቢ ያላት እንባ ግልብጥ ብሎ ወጣላት፣ ነፍሷም ቀለል አላት። እንባዋን ጠርጋ ቀና ስትል የስመኝን ፊት አየች። ፊቷ ላይ ሐዘን አልነበረም፤ ጾም ሲፈታ እንደሚታየው ያለ እርካታ ነበር። አልጋው ላይ የደጀኔ ስልክ ተንቀጠቀጠ። "አባዬ" ይላል። ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ሲስቁ የተነሱት ፎቶ በርቶ ቆየና ጠፋ።

ዘመድ በሞተው ሰው ስልክ እየደወለ ነው አለች በልቧ። እንደዚያ ይደረጋል አይደል?

ደጀኔን በዚያው ሳምንት መጨረሻ የጋራ ኩሽናው ውስጥ ብቻውን አገኘችው። ድስት ላይ አጎንብሶ ስንዴ ያማስላል። አንገቱ ላይ የተጠመጠመ ነጠላ አለ።

"ደጄ፣ ጠናህ?"

"አሰላ ያለችው እህቴ ተምታቶባታል" አለ ቀና ሳይል። "እናንተ ሰኞ ነገራችሁኝ አይደል? እሷ ረቡዕ ነው የሞተው ትላለች። ሰኞማ ደህና ነበር፣ ስንደውልልህ ለምን አላነሳህም ትለኛለች።"

ውባለም ጠጋ አለችው። "ታዲያ?"

"ታዲያ ምን? ሞተ አይደል።" ማማሰሉን ቀጠለ። በድምፁ ውስጥ ደስታም የለ፣ ንዴትም የለ። "ስድስተኛ ፎቅ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር፣ ውባለም። ማታ እንኳ ብቻዬን አይተዉኝም።" ውቤ በረሃ አላላትም። እያወራ ሳለ የኩሽናው አምፖል ማንም እንዳልተናገረ ሁሉ ድርግም አለ።

ጨለማው ውስጥ፣ የሚንተከተከውን ድስት እየሰማች፣ ነገሩ ገባት። መርዶው ነው የሚቀድመው። ሞቱ ተከትሎት ይመጣል።

ለማን ይነገራል? ለማዳጋስካር ልጆች? ለመምህሯ በአስተርጓሚ? ውባለም እናቷን የሚያድን አንድ መንገድ ብቻ ታያት፦ አለመስማት። ያልሰማችው መርዶ እናቷ ላይ አይደርስም። እናኑ የምትኖረው ልጇ ጆሮዋን እስከጠበቀች ድረስ ነው። ስድስተኛ ፎቅ መሄድ አቆመች። ከቤተ ሙከራው በሌላ በር ትወጣለች፣ አሳንሰር ውስጥ ነጠላ ካየች ትመለሳለች፣ ሁልጊዜ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ነው የምትሄደው። እናቷ ጋ በቀን ደጋግማ ትደውላለች።

"ምነው ልጄ፣ ሱቅ እንኳ አላስውል አልሽኝ" ትላለች እናኑ እየሳቀች። "ጓደኞችሽስ?"

"ደህና ናቸው።"

"አደራ እንዳትርቂያቸው። ባዕድ አገር ከሰው መራቅ ጥሩ አይደለም።"

እውነቱን ለመናገር ትናፍቃቸው ነበር። ይህ ነው የሚያሳፍራት። ክፍሏ ውስጥ ኩርምት ብላ ቱቦውን ስታዳምጥ፣ የስመኝ ጣቶች ጸጉሯ ውስጥ ሲመላለሱ ይታወሳታል። አንድ ጊዜማ፣ እማ ብትሞት ስንት ሳምንት አብረውኝ ይቀመጡ ነበር ብላ ስታስብ ራሷን ያዘችው። በደነገጠች ደስ ባላት፤ አልደነገጠችም። ሐሳቡ መጣ፣ ትንሽ ተቀመጠ፣ ሄደ።

ከዚያ ንፍሮው ይመጣ ጀመር። በሯ ሥር በጎድጓዳ ሳህን፣ ተከድኖ፣ ትኩስ። ሽንት ቤት ደፋችው። በማግስቱም መጣ። ሳህኑን ብትወስደውም ባትወስደውም፣ ሽታው በበሩ ቀዳዳ፣ በማሞቂያው ቱቦ፣ በብርድ ልብሷ ውስጥ እየገባ ክፍሉን ሞላው፤ ከሥሩ ያለው የእርጥብ ነጠላ ሽታ ደግሞ ከንፍሮው እየበለጠ ሄደ። አሁን ገባት የምን ሽታ እንደሆነ። የምታጠናው አፈር ሙቀት ሲያገኘውና በረዶው ሲለቅ የሚሸተው ነው።

የመጡት እንደ ደንቡ ጎህ ሳይቀድ ነው። አላንኳኩም። መጀመሪያ የተሰማት የእግሮች መጎተት ነው፣ ብዙ፣ ከኮሪደሩ ሁለት ጫፍ እየመጣ በሯ ላይ የሚገናኝ። በበሩ ሥር የሚታየው ጨለማ ጨለማ እንደሆነ ቀረ።

"ውባለም፣ ክፈቺ እህቴ" አለች ስመኝ። "ውቤ በረሃ፣ እኔ ነኝ" አለ ደጀኔም፣ ሳቅ በሌለበት ድምፅ።

ማዳመጫውን ሰካች፣ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገች፣ ትራሱን በራሷ ላይ ጠምጥማ ግድግዳው ጥግ ተወተፈች። "እማዬን አትነኩም" ትላለች፣ የራሷን ድምፅ እንኳ ሳትሰማ። ከትራሱ ሥር በአንድ ዓይኗ የምታየው የበሩን ታች ብቻ ነው። የነጠላ ጥለት በክፍተቱ ሾልኮ ገባ፤ እርጥብ ነው፤ ወለሉን እየዳሰሰ ወደ አልጋዋ እግር መጣ፣ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ተጎትቶ ወጣ። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪጀምር ባለው ክፍተት የጋሽ ልመንህን ድምፅ ሰማች፤ ግን መርዶ አልነበረም።

"ተዉአት" አሉ። "መርዶ ሰሚ አያጣም።"

እግሮቹ ራቁ። ዘፈኑ ቀጠለ። ውባለም መስኮቱ ነጥቶ፣ የማዳጋስካር ልጆች ቁርሳቸውን ሠርተው፣ በረዶ ጠራጊዎቹ አካፋቸውን እያንኳኩ እስኪያልፉ ድረስ ከጥጓ አልተነቃነቀችም። ሽታው ጠፍቷል። በሩን ከፈተች፤ ኮሪደሩ ባዶ ነው፣ "አለ ሰው?" ስትል አምፖሉ በራላት። አልሰማሁም አለች። አልሰማሁም፣ እማዬ ተርፋለች። ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ያለ ደስታ ተሰምቷት አያውቅም፤ ጣቶቿ እንኳ ነፍስ ዘርተው እየቆጠቆጧት ነበር። ስልኳን አነሳች። ሃርቢን ላይ ረፍዷል፣ ሞጣ ግን ገና ጎህ መቅደዱ ነው፤ እናቷ ከዚያ በፊት ነቅታ እንደምትጸልይ ታውቃለች።

"ውቤ! በማለዳው ምነው?" አለች እናኑ። ድምጿ ጤነኛ ነው፣ ጠንካራ ነው።

ውባለም አለቀሰች። ብቻዋን፣ ያለማንም፣ እንባዋ ወጣ። "አለሽ እማ? ደህና ነሽ?"

"ምን እሆናለሁ! ኧረ አታልቅሺ። ይልቅ አሁን አታቆዪኝ፣ እንግዳ መጥቶብኛል።"

"የምን እንግዳ?"

"ጓደኞችሽ ናቸዋ፣ ከትምህርት ቤትሽ። በር ስከፍት ደጅ ቆመው አገኘኋቸው፣ ምስኪኖች፣ በዚህ ብርድ። ለቅሶ ላይ ናቸው መሰለኝ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ የማን እንደሆነ ገና አልነገሩኝም። አንዷ ልጅ፣ ድምጿ ደስ ሲል! መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ እማማ ትለኛለች።"

"እማ አስወጫቸው! እንዳትሰሚያቸው፣ ጆሮሽን—"

"ውይ፣ ነውር ነው ውቤ! ሰው ከደጄ መጥቶ?" አለች እናኑ፣ ስልኩንም ሳትዘጋ የሆነ ነገር ላይ ስታኖረው ኳ አለ። ነጠላ ሲንሿሿ ተሰማ። ጋሽ ልመንህ ሁለት ቃል ተናገሩ። ከዚያ የእናቷ ጩኸት መጣ፣ ከሆዷ የወጣ፣ የውባለምን ስም የያዘ፤ ሴቶቹም ተቀበሉት።

"አለሁ! እማ፣ አለሁ!" እያለች ጉሮሮዋ እስኪነቃ ጮኸች። ሙሾው ከፍ እያለ፣ እየሰፋ፣ ጎረቤት እየጨመረ ሄደ፤ ብዙ ቆይቶ ስልኩን አንድ ሰው አነሳው።

"ማን ልበል?" አለች ስመኝ፣ በዚያው ለስላሳ ድምጿ።

"እኔ ነኝ! ውባለም ነኝ!"

"ነፍስ ይማር" አለች ስመኝ፣ ስልኩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።